ከአረንጓዴዎቹ መካከል አንድ ቢጫ

የማዕመሉ በር አልተሰበረም፤ ከነመቃኑ ተነቅሎ ተወስዷል። ካርቱም የኖረ ሐበሻ ላቦራቶሪን ማዕመል ነው የሚለው፤ እኔም ሠላሳ ዓመት የሠራሁበትን ቤት በሌላ ስም ጠርቼው አላውቅም። ካሳነሽ ከሪክሻው ወርዳ ቶቧን፣ እንደ ሱዳን ሴቶች የተጠቀለለችበትን ረጅም ጨርቅ፣ ሰበሰበችና በሩ የነበረበትን ክፍተት ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ቁልፍ አለኝ ስትል አልነበር?" አለችኝ። "በል ክፈተዋ፣ ጋሽ ዘሩ።"

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ጦርነቱ የጀመረ ሳምንት ቤቱን ቆልፌ የወጣሁት እኔ ነኝ። ገዳሪፍ በቆየንባቸው ሁለት ዓመት ከአምስት ወራት ሱሪ በቀየርኩ ቁጥር ቁልፉን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ሳዛውር ኖሬያለሁ።

ወደ ባሕሪ፣ ወደ ሰሜን ካርቱም፣ የተመለስነው አንድ ዕቃ ፍለጋ ነው። ከክብሪት ቀፎ የምታንስ ቢጫ የፕላስቲክ ካሴት ናት። በላይዋ ሰም አለ፤ በሰሙ ውስጥ ከባለቤቴ ከዮሳቤጥ ጡት የተወሰደ ቁራጭ ሥጋ። ዮሳቤጥ ከሞተች አሥራ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ልጃችን ሚያር ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ካይሮ ትኖራለች፣ የአንድ ሕፃን እናት ናት። ሁለቱን ጡቶቿን ታስወግድ ወይስ አታስወግድ የሚለው ጥያቄ በዚህች ካሴት ላይ ቆሞ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሕዋሳትን መባዛት የሚገቱ ወይም ሲባዙ የሚደርሰውን ጉዳት የሚጠግኑ ጂኖች አሉ፤ ዕጢ ገቺ ይባላሉ። ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ ቅጂ እንወርሳለን። አንዱ ቅጂ ቢበላሽ ሁለተኛው ሥራውን ብቻውን ይሸከማል፤ ሰውየውም ምንም ሳያውቅ ይኖራል። ችግሩ የሚጀምረው በአንዲት ሕዋስ ውስጥ ሁለተኛውም የጠፋ ቀን ነው። በሚያር ደም ከእነዚህ ጂኖች የአንዱ አንደኛ ቅጂ አንድ ፊደሉ ተለውጦ ተገኘ። የእኔም ደም ተመረመረ፤ ለውጡ የለብኝም። ስለዚህ ከእናቷ ነው። ነገር ግን ለውጡ ይጉዳ አይጉዳ የሚያውቅ አልተገኘም፤ የእኛን አገር ሰዎች ደም ብዙ ሰው መርምሮ አልመዘገበም። ሐኪሟ "የእናትሽ ዕጢ ቢገኝ አንድ ነገር እናይ ነበር" አላት። በዕጢው ውስጥ ጤነኛው ቅጂ ጠፍቶ አጠራጣሪው ብቻ ቀርቶ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ይከብዳል። የጠፋው አጠራጣሪው ከሆነ ግን ይቀላል።

ይህንኑ ከገዳሪፍ ስንመጣ አውቶቡስ ውስጥ ለካሳነሽ አስረዳኋት። ጥቂት አሰበችና፣ "ገባኝ" አለች። "ካፉሪ እሠራበት የነበረው እነሲት ዐዊያ ቤት ሁለት ኸፊር፣ ያው ዘበኛ፣ ነበሩ። አንዱ ከመጣበት ቀን ጀምሮ የሚተኛ። ዘጠኝ ዓመት ቤቱ አልተሰረቀም፤ ለምን? ሌላው ነቅቶ ያድራላ! እሱ ለእናቱ ለቅሶ ኮስቲ የሄደ ሳምንት ግን የጄኔሬተሩን ባትሪ ሳይቀር ወሰዱት።"

"ልክ ነው" አልኳት። "ልዩነቱ፣ ይኼኛው ዘበኛ ጠጋኝም ነው። ሌባ ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፣ የተሰነጠቀውን ግድግዳም..."

"አቦ፣ ምሳሌዬን አታበላሽብኝ። አንድ ጊዜ እንኳን ገባኝ ስል ዝም በል።"

ካሳነሽ የዮሳቤጥ የልብ ጓደኛ ነበረች። ሳጃና ሰፈር አንድ ግቢ ነው የኖርነው፤ እኛ በግራ በኩል ባለው ክፍል፣ እሷ በቀኝ። ዛሬ አብራኝ የመጣችበት ሌላም ምክንያት አላት፤ ያቺ ካሴት በመዝገብ ላይ የተቀመጠችው በዮሳቤጥ ስም አይደለም። በካሳነሽ ስም ነው።

በፈረንጆቹ 2011፣ ሰኔ ውስጥ፣ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። የማዕመሉ ልማድ አይለወጥም፤ ከሆስፒታሎች የሚመጣውን ናሙና ነባሩ ባልደረባዬ አብዱልወሃብ ተቀብሎ ስምና ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ ከዕቃው ላይ ካለው ጋር አመሳክሬ በእርሳስ ካሴቱ ላይ እጽፋለሁ። በእርሳስ የምንጽፈው አልኮሉ ቀለምን ስለሚያጥብ ነው፤ እርሳስን ግን ምንም አያጠፋውም። ሥራውን ያስተማረኝ አብዱልወሃብ ነው። ስደተኛ ሆኜ ስመጣ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ያቋረጥኩ የባዮሎጂ ተማሪ ከመሆኔ ሌላ ምንም የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም። "ወረቀቱን ተወው፤ እጅህን አሳየኝ" ብሎ ጣቶቼ ይንቀጠቀጡ እንደሆነ ያየ እሱ ነው። ያን ጠዋት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ "ካሳነሽ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ ቀኝ ጡት።"

እጄ ቆመ። ካርቱም ውስጥ ስንት ካሳነሽ አለች? የአባቷንም ስም አየሁ። የእኛው ናት።

ሥራው ሁለት ቀን ይወስዳል። ሐሙስ ዕለት መብራት ጠፍቶ ነበር፤ በሰኔ የባሕሪ ሙቀት ሰም እንደ ቅቤ ይላላና ምላጩ አይቆርጠውም። አብዱልወሃብ ለዚህ የራሱ ዘዴ ነበረው። ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር ትልቅ ዚር ተተክሎ ነበር፤ ውሃውን በላብ እያወጣ የሚያቀዘቅዝ የሸክላ ጋን። ከተሰበረ ዚር አንድ ገል ያመጣና ውሃ አጠጥቶ፣ ካሴቶቹን በግንባራቸው ይደፋበታል። በሩብ ሰዓት ሰሙ ይጠነክራል። በየትኛውም የሙያ መጽሐፍ አላነበብኩትም፤ ግን ሠላሳ ዓመት ሠርቶልናል። የካሳነሽን ካሴት በእርጥቡ ገል ላይ ደፋሁት፣ ቆረጥኩት፣ ቀለም አስገባሁት፣ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረግሁት።

ውብ አቆራረጥ ነበር። ይህን መደበቅ አልችልም። አንድም መጨማደድ የለው፣ ሐምራዊውና ሮዙ ቀለም እኩል ገብቷል። ደግሞም ካንሰር ነበር። ውጤቱን የሚጽፈው ዶክተር አዋብ ነው፤ እኔ ግን ስንት ሺህ አይቻለሁ፣ የእሱን ፊርማ መጠበቅ አላስፈለገኝም።

በማዕመሉ ያየኸውን ቤትህ ይዘህ አትገባም። ይህ ሕግ ነው፤ በሠላሳ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያጓደልኩት። ያን ሳምንት ማታ ማታ ዮሳቤጥ እራት ስታቀርብ ትክ ብላ ታየኝ ነበር። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። "ዛሬ ሥራ እንዴት ነበር?" ትለኛለች፤ በሌላ ጊዜ የማትጠይቀውን። እኔም ፊቴን ድንጋይ አድርጌ "እንደ ወትሮው" እላለሁ። ሐሙስ ማታ ግን አልቻልኩም። ሳህኑን ወደ ጎን ገፋሁና እንዲህ አልኳት፤ "ካሳነሽን ጠይቂያት። ብቻዋን አትተያት። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።"

ዮሳቤጥ ተነስታ ሳህኖቹን አነሳች፣ አጠበች፣ ደረደረች። ከዚያ ወጥታ ግቢ ውስጥ ብዙ ቆየች። ወደ ካሳነሽ ክፍል ገብታ እያጽናናቻት ነው ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ ጠዋት ካሳነሽን በራፋችን ላይ ሐብሐብ ይዛ እየሳቀች አየኋት። ሳቋ ግን ዮሳቤጥን ስታይ ቆመ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ያኔ ነው የገባኝ።

ካሳነሽ የምትሠራበት የካፉሪ ቤት ባልየው ድርጅት አለውና ሠራተኛዋን በድርጅቱ ተእሚን፣ ማለት በጤና ዋስትና፣ አስገብቷት ነበር። ባለፎቶ ካርድ ሰጧት። ዮሳቤጥ ስደተኛ ናት፤ ካርድ የላትም። ጡቷ ላይ እብጠት ስታገኝ ለእኔ ከመናገሯ በፊት ለካሳነሽ ነገረች፣ ካርዱን ተዋሰች፣ ቶብ ለብሳ ሄደች። ጸሐፊው ፎቶውን አይቶ "ወፍረሻል" ብቻ ብሎ አሳለፋት። ናሙናው ወደ እኔ እንደሚመጣ ታውቃለች። ለዚህ ነው ማታ ማታ ፊቴን ስታነብ የነበረው። እኔ ደግሞ ምስጢር ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፣ በመጨረሻ በገዛ አፌ የራሷን ፍርድ ነገርኳት፤ በጓደኛዋ ስም።

"አልተቆጣሁህም" አለችኝ ከወራት በኋላ፣ ፀጉሯ ካለቀ በኋላ። "ሌላ ሰው ከሚነግረኝ። ፊትህ ግን ይገርማል፣ ዘሩ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ፊደል አላስነበበኝ።"

በሚቀጥለው ዓመት ሞተች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነበር።

መዝገቡን አላረምኩትም። አንድ ቁጥር ሲዛነፍ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው፣ ያንን መስመር በሐሰት ተውኩት። ባርመው ካርዱ ይወጣል፣ ካርዱ ከወጣ ካሳነሽ በከሻ፣ በፖሊስ አፈሳ፣ ተይዛ ወደ ድንበር ትጫናለች። እንዲህ ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ምክንያቱ እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። በዮሳቤጥ ስም ብጽፈው እውነት ይሆንብኝ ነበር።

እና አሁን ክፍሉ ውስጥ ቆመናል። የብረት ቁም ሳጥኖቹ የሉም። ሌቦቹ መሳቢያዎቹን እየገለበጡ ባዶውን ብረት ወስደዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ካሴቶች ወለሉ ላይ ጉልበት ድረስ ተቆልለዋል። ሽቦው ከግድግዳ ውስጥ ተጎልጉሏል። በመስኮቱ በኩል ጣሪያው ተከፍቶ ፀሐይ ያገኛቸው ካሴቶች ቀልጠው አንድ ላይ ተጣብቀዋል፤ ጥግ ላይ ያሉትን አይጥ በልቷቸዋል። አይጥ ሰም ይወዳል።

ካሳነሽ አፏን በቶቧ ሸፈነች። "ይኼ ሁሉ ሰው ነው?"

"ከእያንዳንዱ ሰው ትንሽ።"

"ማርያም ድረሽ። እና የኛዋን በምን እናውቃታለን?"

ይህንን በደንብ አስቤበት ነው የመጣሁት። የካሴቶቹን ቀለም የምንመርጠው እኛ አይደለንም፤ አስመጪው ያገኘውን ያመጣል። በ2011 የመጣው ቢጫ ነበር። አሥር ዓመት የሞላው ካሴት እንዲወገድ ደንቡ ያዛል፤ በ2021 መጨረሻ ቢጫዎቹን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ በከረጢት ያስወገድኳቸው እኔው ነኝ። አንዷ ላይ ስደርስ እጄ አልታዘዝ አለ። ከ2015 መሳቢያ ውስጥ ለሌላ ሆስፒታል በውሰት ሄዶ ያልተመለሰ ካሴት ቦታ ባዶ ነበር፤ እዚያ ከተትኳት። የ2015ዎቹ ሁሉም አረንጓዴ ናቸው።

"ከአረንጓዴዎቹ መካከል አንድ ቢጫ" አልኳት። "ሌላ ቢጫ እዚህ ቤት ውስጥ የለም።"

"ይኼማ ምስር መልቀም ነው" አለችና ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች።

አረንጓዴዎቹ ያሉበትን ክምር ለየሁ፤ ወለሉን በኖራ በአራት ከፈልኩት። አንዱን ክፍል ሳንጨርስ ወደ ሌላው እንዳንሄድ ነገርኳት። ታዘዘች፤ ዝም ግን አላለችም።

"ሲት ዐዊያን ታስታውሳታለህ? ከተእሚኑ 'ሠራተኛችሁ ካንሰር አለባት' የሚል ወረቀት ደረሳት። እንዴት እንዳለቀሰች! ሦስት ወር ልብስ አላሳጠበችኝም። 'አንቺ ባልዲ አታንሺ፣ ያ ካሳነሽ፣ አንቺ ተቀመጪ።' ስድስት ወር ቆይቼ ዳንኩ አልኳት፤ በግ አረደች። በጉን ለዮሳቤጥ ይዤላት ስመጣ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። 'የኔን በሽታ ታመሽ የኔን መዳን ዳንሽልኝ' አለችኝ።"

ይህን አላውቅም ነበር። እጄ ላይ ያለውን ካሴት ሁለት ጊዜ አገላብጬ፣ አረንጓዴ መሆኑን ረስቼ፣ ሦስተኛ ጊዜ አየሁት።

"ምሳ ይዛ ከሳጃና በሁለት አውቶቡስ ትመጣ ነበር" አልኩ። "ድልድዩ ላይ መኪና ሲቆም ወርዳ በእግሯ ትሻገራለች። አብዱልወሃብ ከሩቅ ያያትና 'ያላ፣ ዘርይሁን፣ ሽሮህ ዓባይን ተሻገረ' ይላል። ያን ዚር ሥር ቁጭ ብለን እንበላለን።"

"እኔ ነበርኩ ሽሮውን የምሠራው" አለች ካሳነሽ። "እሷ ሁልጊዜ ታሳርረው ነበር። ሳትነግርህ ሞተች?"

ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም።

እስከ ቀትር ሦስቱን ክፍሎች ጨረስን። አራተኛው ፀሐይ የገባበት ነው። እዚያ ያሉት አረንጓዴዎች በአቧራ ተለብጠው ቀለማቸው አይለይም፤ በጨርቅ እየጠረግን ሄድን። ቁልሉ ሊያልቅ አሥራ ምናምን ሲቀረው መልቀም ተውኩ። ተመልሼ ከመጀመሪያው ክፍል ልጀምር እያልኩ ነበር፤ አንድ የሚዘለል ነገር ሁልጊዜ አለ። ካሳነሽ ግን የተጣበቁ ሦስት ካሴቶች አንስታ በጥፍሯ አላቀቀቻቸው።

"ጋሽ ዘሩ" አለች በቀስታ። "ይኼ ቢጫ ነው ወይስ ዓይኔ ነው?"

ጠረግሁት። በጠርዙ ላይ በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ በእርሳስ፣ 1847/11። ሰሙ በአንድ በኩል ቀልጦ ወርዷል። ወደ ብርሃን አዞርኩት። በቀረው ሰም ውስጥ ሥጋው ነበር፤ ነጣ ያለ፣ የባቄላ ቅርጽ ያለው፣ በግራ ጫፉ እኔ የቆረጥኩበት ጠፍጣፋ ቦታ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቅርጹን እንደማስታውሰው አላውቅም ነበር።

"አለች?" አለችኝ ካሳነሽ።

"አለች።"

ጊዜ አላባከንኩም። ከቤት ውጭ ያለው ሙቀት ከአርባ በላይ ነው፤ እዚህ ባሕሪ ውስጥ በረዶ የሚሸጥ አልተመለሰም፣ ካሴቷን ወደ ካይሮ ወደምንልክበት ወደ ፖርት ሱዳን ደግሞ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው። ግቢው ውስጥ ገባሁ። ዚሩ አልተወሰደም፤ ማን ይወስደዋል? ተሰብሮ ተኝቷል። የመዳፍ ስፋት ያለው ገል መረጥኩ፣ ከያዝነው የመጠጥ ውሃ አጠጣሁት፤ ሸክላው ውሃውን ሲመጥ የሚያሰማውን ያንን ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። ካሴቷን በግንባሯ ደፋሁበት። በሩብ ሰዓት ሰሙ ጠነከረ።

በግቢው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ካይሮ ያለው ላቦራቶሪ የላከልኝን ቅጽ አወጣሁ። የመጀመሪያው መስመር "የታካሚ ስም" ይላል። እርሳሴን ቀረጽኩና ቆየሁ። ከካሴቷ ቁጥር ጋር የሚመሳከር መዝገብ ዛሬ የለም፤ ተቃጥሏል። የጻፍኩት ሁሉ እውነት ሆኖ ይቀራል።

ካሳነሽ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አየች። "ምን ታስባለህ? ስሜን መልስልኝ እንጂ። አሥራ አራት ዓመት አዋስኳት፣ ይበቃታል።"

ጻፍኩ። ዮሳቤጥ ሀብተሚካኤል። አርባ ሁለት ዓመት። ቀኝ ጡት።

"ጮክ ብለህ አንብበው" አለች። "አብዱልወሃብ እንደዚያ አይደል የሚያደርገው?"

አነበብኩት። እሷ ጣቷን በወረቀቱ ላይ እያስኬደች አመሳከረች፤ ማንበብ በደንብ ባትችልም።

ፖርት ሱዳን እስክንደርስ በየሁለት ሰዓቱ ገሉን ውሃ አጠጣች። አንድ ጊዜ በዓይኔ እንቅልፍ ሲመጣ፣ "ተኛ፤ እኔ ኸፊር ነኝ" አለችኝ።

ውጤቱ በአምስት ሳምንቱ መጣ። ያረጀ ናሙና ነው፣ ብዙው ተሰባብሯል፣ ግን ለንባብ በቅቷል ብለው ለእኔም ለሚያርም በአንድ ጊዜ ላኩት። እኔ ከመክፈቴ በፊት ስልኩ ጮኸ፤ ሚያር ናት፣ በቪዲዮ። ከኋላዋ ልጇ የሆነ ነገር ይደበድባል።

"ባባ፣ ከፈትከው?"

"አልከፈትኩም። አንቺስ?"

"ላ። አልችልም።" አማርኛዋ ሲጨንቃት ይሸሻል። "አንተ ክፈተው። እኔ ወረቀቱን አላይም። ወጅህህን አያለሁ... ፊትህን። ማማ ነግራኛለች፣ ያኔ ሦስት ቀን ፊትህን እንዳየች። አሁን ግን ድንጋይ አታድርገው፣ እሺ ባባ? ወላሂ እዘጋብሃለሁ።"

ስልኩን ከውሃ ማሰሮው ጋር አስደግፌ ቀና አደረግሁት፤ ፊቴ ሙሉ እንዲታያት። የካሳነሽን ስልክ ተውሼ ወረቀቱን በእሱ ከፈትኩ።

"መጀመሪያ ስሟ አለ" አልኳት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። "ዮሳቤጥ ሀብተሚካኤል።"

"ማማ" አለች ሚያር።

ቀጣዩን መስመር ለራሴ አነበብኩ። በዕጢው ውስጥ ጤነኛው ቅጂ የለም። የቀረው አጠራጣሪው ብቻ ነው። ሁለተኛ ጊዜ አነበብኩት፤ በልማድ። ለሠላሳ ዓመት የሠለጠነው ፊቴ ሊጠነክር ሲጀምር ተሰማኝ፤ መንጋጋዬ፣ ግንባሬ፣ ከንፈሬ በየተራ። ተውኩት። እንደፈለገ እንዲሆን ተውኩት፤ መነጽሬ በእንባ ሲጨልምም አላወለቅሁትም።

ሚያር ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ልጇ መደብደቡን አቆመ።

"አነበብኩ፣ ባባ" አለች። "ጠዋት ሐኪሙ ጋ ደውዬ ለቀዶ ጥገናው ቀን አስይዛለሁ። አንተ አትሂድ፣ ትንሽ እንዲሁ ቁጭ በል።"